ይታይሽ፣ የንጉሡ ሌባ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አታድርቁኝ። እኔ ነገር አውሪ እንጂ መንገድ መሪ አይደለሁም። ተራራ ነበረው፣ ወንዝ ነበረው፣ ንጉሥ ነበረው፤ ይኼ ይበቃችኋል። ከመሃል "ይኼስ የኛን ቤት ይመስላል" የሚል ቢነሳ፣ ያለው እሱ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

በተራራው ሆድ ውስጥ አንድ ፍም ነበር። መጠኑ የዶሮ እንቁላል ቢያህል ነው፤ ሥራው ግን የሺህ ጎረምሳ። ቀዝቃዛ ውኃ በአንድ ቦይ ወደ ተራራው ይገባል፣ በፍሙ ዙሪያ ዞሮ በሌላ ቦይ እየተንተከተከ ይወጣና ከተማውን ያዳርሳል። ወፍጮው የሚዞረው በዚያ እንፋሎት ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ አራስ የምትታጠበው፣ ብርድ የሚባረረው በዚያ ውኃ ነው። ማገዶ የሚባል ነገር የዚያ አገር ልጆች አያውቁም። ፍሙ ግን እንደ ሌላ ፍም እንዳይመስላችሁ። ሌላው ፍም እጅ ያቃጥላል፤ ይኼኛው እጅን ትቶ አጥንት ነው የሚያቃጥለው። ያየው ሰው ለዚያ ቀን ምንም አይሆንም። ሰንብቶ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቀጥሎ ራሱ ይረግፋል። ከወፍራም እርሳስ በቀር የሚችለው ነገር የለም። ክፉ ሰው እጅ ገብቶ ከመጠጥ ውኃ ምንጭ ቢጣል፣ ያ አገር ቀባሪ አይተርፈውም ነበር።

ስለዚህ ይጠበቃል። ያውም ምን የመሰለ ጥበቃ! ከተራራው ግርጌ እስከ ፍሙ ክፍል ድረስ ሰባት የብረት በር ተደርድሯል። በየበሩ ጦር የያዘ ዘበኛ ቆሟል። የሰባቱም በር ቁልፍ ከአንድ ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኒህም ሊቀ ቁልፍ ዘገየ ናቸው፤ ጧት ይከፍቱታል፣ ማታ ይዘጉታል። ሲራመዱ ቁልፎቹ ይንሿሿሉና ሰውየው ሳይደርሱ ድምፃቸው ይደርሳል። ጢማቸው እስከ እምብርታቸው ነው። በዚያ አገር ሕግ የበር ሹም ሲሾም ጢም በቀኝ እጁ ይዞ ይምላል። ያልማለ ሰው ደግሞ ስለ በር አፉን አይከፍትም። እንግዲህ በዚያ አገር ስለ በር የሚናገረው ጢም ብቻ ነበር ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው መከራውን ያያል። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ይጠየቃል። ጫማው ይራገፋል፣ ነጠላው ይተረተራል፣ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታያል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው በር ሲያልፍ ይኸው ሁሉ እንደገና። የሚወጣውስ? የሚወጣው ብሩክ ነው! የፍሙ ሙቀት የነካውን ሰው ፊት ማየት ድፍረት ነው ስለሚባል፣ ዘበኞቹ ግንባራቸው ጉልበታቸውን እስኪነካ ያጎነብሱና መሬት መሬት እያዩ "ብሩክ ነህ፣ እለፍ" ይሉታል። ማን ደነገገው? አባቶች። ለምን? እንግዲህ አባቶችን ማን ይጠይቃል!

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ የሌባ በዓል አለ። ንጉሡ ደመወዝ የሚቆርጡለት አንድ ሌባ ነበራቸው፤ ቃጭል የተሰፋበት ቀይ ቆብ ያደርጋል። በበዓሉ ቀን ዳስ ይጣላል፣ ከብት ይታረዳል፣ ንጉሡ ከነመኳንንታቸው ይቀመጣሉ፣ ከበሮ ይመታል። ሌባው ቃጭሉን እያንቃጨለ ወደ መጀመሪያው በር ይወጣና በጡጫ ደብድቦ "ሌባ ነኝ፣ ልሰርቅ መጥቻለሁ!" ይላል። "ያዘው!" ይባላል፤ ይያዛል። አዋጅ ነጋሪው ሕጉን ያሰማል፤ "ፍሙ ከተራራው የወጣ ዕለት ሌባውና ቁልፍ ያዡ በአንድ ገመድ ታስረው ወንዝ ማዶ ይጣሉ፤ ተመልሰውም አይምጡ!" ሕዝቡ ይስቃል፤ ሆኖ አያውቅማ። ሊቀ ቁልፍ ዘገየ ጢማቸውን እየዳበሱ ይነሱና "ዘንድሮም ተያዘ!" ይላሉ። ጭብጨባው አይጣል ነው። ሌባውም ድርሻውን ሥጋ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይታይሽ የዚያ ተራራ መሐንዲስ ናት። ብረትና ውኃ ተምራ፣ እርሳስ ማቅለጥ ተምራ፣ ከወንዶቹ እኩል ቆማ ነው የተመረቀችው። ውኃ የሚያልፍባቸውን ቦዮች የምታድስ፣ ፍሙን ከእርሳስ ግድግዳ ኋላ ቆማ በረዥም ጉጠት የምታገላብጥ እሷ ናት። ፍሙ የሚጥለውን አመድ በእርሳስ በተለበጠ ገንቦ እያስወጣች ሩቅ ታስቀብራለች። ወደ ፍሙ ክፍል ዘበኞቹ አይገቡም፤ ይፈራሉ። እሷ ግን አትፈራም፤ ታከብረዋለች እንጂ። አንድ ቀን ያየችው ስንጥቅ ካለ እስክትደፍነው ድረስ እህል አይወርድላትም።

ታዲያ አንድ ሰሞን አመድ ተሸካሚዎቿ ወሬ ይዘውላት መጡ። ከወንዝ ማዶ የመጣ ሰው አመድ ተሸካሚ ሆኖ ለመቀጠር ይፈልጋል አሉ። ወንዝ ማዶ ያለው ሹም ከዚህ አገር ጋር የቆየ ቂም አለው፤ ይኼን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

"ምን ጠየቃችሁ?" አለቻቸው።

"ኧረ ምንም። ስለ በሩም አልጠየቀ፣ ስለ ዘበኛም አልጠየቀ። 'ስትወጡ ማን ያያችኋል?' ብቻ ነው ያለን።"

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ሰውየው ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። ይታይሽ ያን ዕለት ቦዩን ትታ እየሮጠች ወደ ሊቀ ቁልፍ ዘገየ ሄደች። ሊቀ ቁልፍ ጢማቸውን ቅቤ እያስቀቡ ነበር።

"ጌታዬ፣ በራችን ለሚገባ እንጂ ለሚወጣ አልተበጀም" አለቻቸው። "ፍሙን የሚወስደው ሰው በር ሰብሮ የሚገባ አይደለም። እንደዚያ ከወንዝ ማዶ እንደመጣው ሰውዬ ተቀጥሮ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ጥርሱን አሳይቶ የሚገባ ነው። ሲወጣ ደግሞ እኛው አጎንብሰን እናሳልፈዋለን።"

"ሌባችን በየዓመቱ ይያዛል አይደል?" አሉ ሊቀ ቁልፍ።

"ይያዛል።"

"አምልጦ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ!"

"ጌታዬ፣ ሌባ እኮ ከበሮ አስመትቶ አይመጣም።"

"የኛ ሌባ ይመጣል!" ብለው ተቆጡ። "ሕግ የሚያውቅ ሌባ ነው። ደግሞስ አንቺ ልጅ፣ ስለ በር ስትናገሪ ጢምሽ የታለ?" ቅቤ የሚቀቧቸው አሽከሮች ሳቁ። "ያልሽውን ሰውዬ ደግሞ ቤት አዛዤ ቀጥሮታል። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ አያቱንም ጠርቷል። ከበዓሉ ማግስት ሥራ ይጀምራል።"

ከበዓሉ ማግስት! ይታይሽ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። በጣም ተናዳለች። እልፍ ስትል ግን፣ ከዳሱ ግንባታ አጠገብ፣ የንጉሡ ሌባ ጋሼ ንጋቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘቻቸው። ሠላሳ ዓመት ሌባ ሆነው ያገለገሉ ጨዋ ሰው ናቸው።

"ዘንድሮ አልችልም" አሏት። "ጉልበቴ አለቀ። ተተኪ ቢያፈላልጉ ጠፋ። ማን ልጁን 'የሌባ ልጅ' ያሰኛል?"

ይታይሽ ቆም አለች። ቀስ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ ንጋቱ፣ ሌባ ለመሆን ጢም ያስፈልጋል?"

ሽማግሌው አሰቡ። "ለሌባ? ኧረ ስለ ሌባ ጢም ሕጉ ያለው ነገር የለም።"

በማግስቱ ንጉሡ ፊት ቀርባ "ጃንሆይ፣ ሌባዎ ልሁን" አለች። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ ደስ ያላቸው ሊቀ ቁልፍ ዘገየ ናቸው፤ ስለ በር የምትጨቀጭቃቸው ሴት በገዛ እጇ ሌባ ሆነችላቸው፤ የሌባ ምክር ደግሞ ማን ይሰማል! "ትሾም፣ ጃንሆይ፣ ትሾም!" አሉ። ንጉሡም መልካም ሰው ናቸው፣ ሳቅ ይወዳሉ፣ ሾሟት።

ቤት ስትደርስ ግን እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ወሬው ቀድሟት ደርሶ ጉድ እያሉ ጠበቋት። ወይዘሮ ዘነበች በከተማው ልብስ ማጠቢያ የአጣቢዎች አለቃ ናቸው፤ ድምፃቸው ሦስት ሰፈር ይሰማል።

"ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?" አሉ። "መሐንዲስ ልጅ አለችኝ እያልኩ የኮራሁት፣ ሌባ ልትሆኚ?"

"እማዬ፣ ሹመት እኮ ነው። እልል በይልኝ እንጂ።"

"አልልም!" አሉ ወይዘሮ ዘነበች። "ለአራስ እልል እላለሁ፣ ለሙሽራ እልል እላለሁ። ለሌባ እልል አይባልም!"

ይታይሽ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ያሰበችውን ለእናቷ አልነገረቻቸውም፤ ብትነግራቸው በሩ ላይ ይተኙባት ነበር። ለጋሼ ንጋቱ ግን ቀዩን ቆብ ሲያስረክቧት ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቆቡን እንደያዙ ቀሩ።

"የምርሽን? ከበሮ ሳይመታ? የእውነት ልታወጪው?"

"የእውነት።"

"ሕጉን እያወቅሽ? ፍሙ ከወጣ ወንዝ ማዶ ነው፣ ልጄ። ተመልሰሽ የእናትሽን ዓይን አታይም።"

"ያ የወንዝ ማዶው ሰውዬ ካወጣው ግን የማንም እናት አትተርፍም" አለች።

ጋሼ ንጋቱ ቆቡን በእጃቸው አራግፈው ሰጧት። "እንዲያው ልንገርሽና" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሠላሳ ዓመት ሌባ ሆኜ አንድም ቀን ሰርቄ አላውቅም። አንድ ቀን ሳልያዝ ብቀር እያልኩ ስመኝ ነው የኖርኩት። ሂጂ! እግርሽ ቀላል ይሁን።"

የበዓሉ ጧት ደረሰ። ከተማው ሽር ጉድ ይላል፤ ዳሱ በለምለም ቄጠማ ተሸፍኗል፣ የጠጁ ገንቦ ከንጉሡ ዙፋን አጠገብ ተደርድሯል። ይታይሽ እንደ ወትሮዋ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቀዩን ቆብ ጡቷ ሥር ወትፋ፣ ቃጭሉን በጥጥ አፍና ወደ ተራራው ወጣች። አባቷን ጠራች፣ አያቷን ጠራች፣ ጥርሷን ሰባት ጊዜ አሳየች። "ዛሬማ ከቀትር በኋላ እንይዝሻለን!" እያሉ ቀለዱባት። "እናያለና!" አለቻቸው።

ፍሙ ክፍል ደረሰች። ከእርሳሱ ግድግዳ ኋላ ቆማ፣ በመስተዋት እያየች፣ በጉጠቱ ፍሙን ነከሰችው። እጇ ሥራውን ያውቃል። አነሳችው። ውኃው ችስስ አለና ዝም አለ። ያ ከጥንት ጀምሮ ጮኾ የማያባራ ውኃ ዝም ሲል፣ እሷ ብቻ ናት የሰማችው። ፍሙን ከአመዱ ገንቦ ከተተችው፣ የእርሳስ ክዳኑን ጠርቅማ በሰም አሸገችው። እዚህ ድረስ መሐንዲስ ነበረች። ገንቦውን ስታነሳ ሌባ ሆነች።

የውስጠኛው በር ዘበኛ አጎነበሰ። "ብሩክ ነሽ፣ እለፊ።" አለፈች። የሚቀጥለውም አጎነበሰ፣ የሚቀጥለውም። እያንዳንዱ ጦሩን አስደግፎ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ "ብሩክ ነሽ" ይላታል። እሷ የአገሩን ነፍስ በገንቦ ይዛ ትሄዳለች! አንድ ሰው ቀና ቢል፣ አንድ ሰው "ይኼ ገንቦ ምንድን ነው?" ቢል እኮ አለቀ። ግማሽ ልቧ "ቀና በል! ያዘኝ!" ይል ነበር። መሐንዲሷ ይታይሽ የምትመኘው ይኼንኑ ነበር። ማንም ቀና አላለም።

የመጨረሻው በር ዘበኛ መኩሪያ የሚባል ደግ ጎረምሳ ነው። አጎንብሶ ሳለ እግሯ ሲንገዳገድ አየ። የገንቦው ክብደት ክንዷን ገንጥሎታል።

"እመቤቴ፣ አመዱ ዛሬ በዛ መሰለኝ" አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። "እኔ ልያዝልሽ።"

"ኧረ ተው፣ በር ትተህ?"

"ሌባው እኮ ከቀትር በፊት አይመጣም!" አለ መኩሪያ። ገንቦውን ከእጇ ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው፣ ተረከዟን ብቻ እያየ ተከተላት። ይታይሽ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። እስከ ዳሱ ድረስ አብረው ወረዱ። ከጠጁ ገንቦዎች መሃል፣ ከንጉሡ የእግር መረገጫ አጠገብ፣ በገዛ እጁ አስቀመጠላት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። "ብሩክ ነሽ" ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ።

ቀትር ሆነ። ንጉሡ ተቀመጡ፣ መኳንንቱ ተቀመጡ፣ ከበሮው ተመታ። ሌባ የለም። እንደገና ተመታ። የለም። ሕዝቡ አንገቱን እያሰገገ ማጉረምረም ጀመረ። ሊቀ ቁልፍ ዘገየ ላብ ላብ አላቸው። ግን ሹም ሹም ነው፣ ብልሃት አያጣም። ብድግ አሉና ቁልፎቻቸውን አንሿሹ።

"የአገሬ ሕዝብ ሆይ!" አሉ። "ዘንድሮ ታላቅ ነገር ሆነ! በራችን እጅግ ከመጥበቁ የተነሳ ሌባው ፈርቶ ቀረ! ከእንግዲህ መያዝ እንኳ አያስፈልገንም!"

ጭብጨባው ዳሱን አናጋው። ንጉሡ ደስ ብሏቸው እግራቸውን ዘርግተው ገንቦው ላይ ጫኑት።

ጭብጨባው ሳያባራ ከከተማው በኩል ጩኸት መጣ። ሳሙና በክንዳቸው ላይ የደረቀባቸው፣ እርጥብ ልብስ ያንጠለጠሉ ሴቶች እየሮጡ ደረሱ። ከፊት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው።

"ውኃው በረደ!" አሉ በዚያ በሦስት ሰፈር ድምፃቸው። "ጃንሆይ፣ ውኃው በረዶ ሆነ! ወፍጮው ቆሟል! አራሷ ሰውነቷ ላይ ሳሙና እንዳለ ተንዘፈዘፈች! ተራራው ምን ሆነ?"

ዳሱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከንጉሡ ዙፋን ኋላ ቃጭል ሰማን ያሉ አሉ። ይታይሽ ጥጡን ከቃጭሉ አውጥታ፣ ቀዩን ቆብ አድርጋ ብቅ አለች።

"ይቅርታዎን ጃንሆይ" አለች። "እግርዎን ከፍሙ ላይ ያንሱልኝ።"

ከዚያ በኋላ የሆነው አይነገርም! ንጉሡ በአንድ ዝላይ ከዙፋኑ ወረዱ። መኳንንቱ ካባቸውን ጥለው አጥር ዘለሉ። "አይዟችሁ፣ ታሽጓል፣ አይነካችሁም!" ብትል ማን ይስማት። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ብቻ ሌላውን ሳይሆን ገንቦውን አተኩሮ ያይ ነበር፤ ያ ከወንዝ ማዶ የመጣው። ዓይኑ ከይታይሽ ዓይን ጋር ሲጋጭ "እግሬ አውጪኝ" አለ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ያየው የለም።

ሊቀ ቁልፍ መጀመሪያ ክደው ነበር። "ይኼ ፍሙ አይደለም፤ ፍሙ አይሰረቅማ!" አሉ። "ታዲያ ውኃው ለምን በረደ?" ብለው ወይዘሮ ዘነበች እርጥብ አንሶላ ፊታቸው ላይ ሲያራግፉባቸው፣ ወደ ሌላ ዞሩ።

"ጃንሆይ! ስትገባ ከበሮው አልተመታም! ከበሮ ሳይመታ የገባች የእርስዎ ሌባ አይደለችም፤ የምር ሌባ ናት! ሕጉ ይፈጸም! ወንዝ ማዶ ትጣል!"

ገመድ መጣ። የይታይሽን ሁለት እጅ የፊጥኝ አሰሩት። ወይዘሮ ዘነበች ጩኸታቸው ተቆረጠና "ልጄን!" ብቻ አሉ። ይታይሽ ወደ እናቷ ዞረች። አገሯ ድኗል፣ ሰውየው ሸሽቷል፤ ግን የእናቷን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ የምታይ መሰላት። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረች።

"ሕጉ ይፈጸም፣ ጃንሆይ" አለች። "ግን ገመዱ ሁለት ጫፍ አለው።"

ሁሉም ዞር ብለው ወደ ጋሼ ንጋቱ አዩ፤ ሕጉን ሠላሳ ዓመት ታስረው የሰሙት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተነሱ። "ፍሙ ከተራራው የወጣ ዕለት" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሌባውና ቁልፍ ያዡ በአንድ ገመድ።"

"ቁልፍ ያዡ እሱ ነው!" አሉ ሊቀ ቁልፍ፣ ጩኸቱን ሰምቶ ከበሩ ወርዶ "ገንቦውን እኮ እኔ ነኝ የተሸከምኩት" ያለውን መኩሪያን እየጠቆሙ። "ራሱ ተሸክሞ ነው ያወጣው! እሱን እሰሩት!"

ምስኪን መኩሪያ ጦሩን ጣለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደል? ይታይሽ ግን ታስራም ዝም አላለችም። "እሱ ያጎነበሰው ታዝዞ ነው!" ብላ ጮኸች። "ቀና እንዳይል ያደረገው ማነው? ቁልፍ ያለበትን አንገት እዩ!"

ሊቀ ቁልፍ ቁልፎቻቸውን በጢማቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ። ወደ ውስጥ ሲወትፏቸው ግን ሰባቱም ተንሿሹ፤ ዳሱ ሙሉ ሰማቸው። ገመድ የያዘው ወታደር አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!" አሉ ሊቀ ቁልፍ። "አሁን ሳስበው... የእርስዎ ሌባ ናት፣ ጃንሆይ። እንዴታ! ቀዩን ቆብ አድርጋ የለ? ሥራዋን ነው የሠራችው! ፍቷት! ምነው ታዲያ አሰራችኋት?"

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ንጉሡ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ ቀጥለው ሳቃቸው ቆመ። ገንቦውን አዩ። እግራቸውን የጫኑበት ስፍራ ላይ ዓይናቸው ቀረ።

"ፍቷት" አሉ። "ይቺ ልጅ የኛ ባትሆን ኖሮ ዛሬ ማንን እንፈታ ነበር? ዘገየ፣ ቁልፉን ስጣት።"

"ጃንሆይ፣ ጢም የላትም! ያለ ጢም እንዴት ትማላለች?" አሉ መኳንንቱ ከአጥሩ ማዶ ሆነው።

ጋሼ ንጋቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሕጉ ጢም ይዞ ይማል ነው ያለው። የማን ጢም እንደሆነ ግን አላለም።"

ያን ቀን ይታይሽ የሊቀ ቁልፍ ዘገየን ጢም በቀኝ እጇ ይዛ ማለች። ሰውየው እያጎነበሱላት፣ ቅቤው በጣቶቿ መሃል እየሟሟ። ሕዝቡ ሳቅና እልልታ ቀላቀለ። ወይዘሮ ዘነበች አገሩን በእልልታ አቀለጡት። ሲጨርሱ ግን ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ ብለው "ለሊቀ ቁልፏ ነው ያልኩት" አሉ። "ለሌባዋ አይደለም። ለሌባ እልል አይባልም።"

ይታይሽ ፍሙን በዚያው ዕለት ወደ ቦታው መለሰችው፣ ውኃውም እንደ ጥንቱ ተንተከተከ። የሠራችውን ሁሉ ብዘረዝር አይመሽብኝም? ማጎንበሱን ሻረችው፤ ከእንግዲህ የሚወጣ ሁሉ ከሚገባው እጥፍ ይፈተሻል አለች፣ መኳንንትም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን። የሌባውን በዓል ግን አልሻረችም። ከበሮውን ነው የሻረችው። "ሌባው የሚመጣበትን ቀን ማንም አይወቅ" አለች፣ "እኔም ጭምር።" ቀዩን ቆብ ለማን ሰጠች በሉኝ። ለመኩሪያ! መኩሪያም በየዓመቱ ይመጣል። አንዴ ጣሪያ ቀዶ፣ አንዴ ሬሳ መስሎ በቃሬዛ፣ አንዴ የንጉሡን እህት መስሎ። በየዓመቱ ይያዛል፤ ያውም ከልብ በሆነ ፍልሚያ። ሌሎች አገሮችም ሰምተው መሐንዲሶቻቸውን ወደ እሷ ይልኩ ጀመር፤ በር መዝጋትን ሳይሆን የራስን በር መፈተንን እንድታስተምራቸው።

ዘመን አለፈ። እናቷ አረፉ፣ ጋሼ ንጋቱ አረፉ፣ ይታይሽ ሸበተች። ወጣት ዘበኞች ስሟን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሥራዋን ጨርሳ በበቅሎዋ ወደ ቤቷ ስትወርድ "እሜቴ፣ ይለፉ!" ይሏታል። እሷም በወንዱም በሴቱም የሚወደደውን ሰላምታዋን እየሰጠች ታልፋለች።

አንድ ቀን ማለዳ ቤቷ ስትደርስ (ሌሊቱን ሙሉ ቦይ ስታሳድስ አድራ ነው) በቅሎይቱ አለከለከች። "ምነው እቴ፣ ዳገት ሳይሆን ቁልቁለት እኮ ነው የመጣነው" ብላ ኮርቻውን ልታወርድላት ከረጢቱን ብታነሳ፣ አልነሳም አላት። ከፈተችው። በእርሳስ የተለበጠ ገንቦ። ክዳኑ በሰም ታሽጓል። በክዳኑ ላይ፣ ቃጭሉ በጥጥ የታፈነ ቀይ ቆብ።

ይታይሽ ጓሮዋ ውስጥ ቆማ ቀረች። ከተማው ውስጥ "ውኃው በረደ!" የሚል ጩኸት ሲነሳ ሰማች። ሰባት በር! በሰባቱም በር ላይ በገዛ በቅሎዋ፣ በገዛ እጇ ይዛው ወጥታለች። ጳጳሱን የሚፈትሹ ዘበኞች እሷን አልፈተሿትም። ማጎንበሱን ከሻረች ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም፣ ለእሷ ብቻ አጎንብሰው ኖረዋል፤ እሷም ሳታውቀው ለምዳዋለች።

መኩሪያ ከአጥሩ ጥግ ብቅ አለ፤ እሱም ሸብቷል። እሷ ከሩቁ ቦይ ሳለች፣ ከእርሳሱ ግድግዳ ኋላ ሆኖ በጉጠቷ ፍሙን ያነሳው፣ ከረጢቷ ውስጥ የከተተው እሱ ነው። ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበረበት። የሚያውቀው ሊቀ ቁልፍ ዘገየን ነው፤ የተሰረቀ ሹም ምን እንደሚል አንድ ጊዜ አይቷል።

"ከበደሽ፣ እመቤቴ?" አለ ቀስ ብሎ። "ልያዝልሽ?"

ይታይሽ አየችው። ገንቦውን አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ፣ በእናቷ በዚያ በሦስት ሰፈር ድምፅ፣ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ በር ከፍቶ ወጣ። እልል አለች! "መኩሪያ ይሙት፣ ተሰረቅኩ!" እያለች፣ ሽማግሌውን ሌባ አንገቱን አቅፋ እየሳመች፣ እንባዋ በሽበቱ ላይ እየወረደ፣ እልል አለች።

"እማዬ ትስማኝ" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "ለሌባ እልል ይባላል።"

ያን ቀን ጧት ፍሙን መልሰው ሲያበቁ አዲስ ትእዛዝ ወጣ፤ ከተራራው ሲወጣ መጀመሪያ የምትፈተሸው ይታይሽ ናት፣ ቀጥላ በቅሎዋ።

እኔ የሰማሁትን አደረስኩ። እናንተ ደግሞ ቤታችሁ ስትገቡ በራችሁን ዝጉ። ዘግቻለሁ ብላችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትተኙ፤ የሚወዳችሁ ሰው ከውጭ ይግፋውና እዩት።